ሬዲዮ ዝም ያለችበት መንገድ

ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። ባሏ እንኳ ከሰው ጋር ሲያወራ «የኛዋ ሬዲዮ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በትልቁ መንገድ ዳር፣ ከአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው ያለው፤ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ አፏም አብሮ ይሠራል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው እስኪያጥር ድረስ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን ከሆስፒታል እንደወጣ ሰምቶ ይሄዳል። ክፋት ግን የለባትም። ከእሷ አፍ ወጥቶ ሁለት ሰው ያጣላ ወሬ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይናገር።

የጥላው ግማሽ የጫማ ሰፊው ነው። እሷ በመኪናዋ፣ እሱ በዝቅተኛ በርጩማው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፀጉራቸው ሸብቷል። እሱ ቁጥብ ሰው ነው። ወስፌውን በጥርሱ ይዞ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ አንዲት ቃል ጣል ያደርግና እሷ በዚያች ቃል ግማሽ ቀን ትስቃለች። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሁለቱም የቤተክርስቲያኑ መዘምራን ነበሩ፤ የእሱ ወፍራም ድምፅ ከኋላ ረድፍ ሲነሳ ሕፃናት ዞረው ያዩት ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ግን የቤተክርስቲያኑን ደጃፍ አልረገጠም። እሁድም ይሠራል። «ቤት ምን አለኝ?» ይላል ለጠየቀው። ሬዲዮ ስለዚህ ነገር ልታነሳበት ብዙ ጊዜ አስባ ትተዋለች። ስለ ሁሉም ነገር የምታወራ ሴት ለዚያ ለአንዱ ነገር አፏ አይፈታላትም።

ነገሩ የጀመረው አባ አንድ እሁድ በስብከታቸው መሀል በተቆጡ ጊዜ ነው። አባ የካቶሊክ ቁምስናው ቆሞስ፣ የደብሩ አለቃ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማይወዱ ሰው።

«ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ምእመናን አሉን» አሉ። «ቅዱስ ቁርባን የሚደርሳቸው የእኔ ጉልበት ሲሻለው ብቻ ነው። እናንተ ግን ቅዳሴው ሳያልቅ ዓይናችሁ በሩ ላይ ነው። ይህ ቤት የእኔ የብቻዬ ነው እንዴ? ጳጳሱ ፈቅደዋል፣ ሲስተር ያስተምሯችኋል። ለበሽተኞቹ ቁርባኑን የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ማነው?»

በቤተክርስቲያኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በድንገት የጫማው ነገር አሳሰበው። ጉንፋን ያልነካው ሰው ሳል ጀመረው። የመዝሙር መጽሐፉን የሚያገላብጥ አገላበጠ። እንዲህ ያለ ጊዜ ከምእመን የበለጠ ትሁት ፍጡር የለም፤ ሁሉም «እኔ የማልገባ ነኝ» ይላል፣ ሁሉም ጎረቤቱ እንደሚገባው ያምናል።

ሬዲዮ እንደ ልማዷ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። ቦታው ለበሩ ቅርብ ነው፤ ቅዳሴ እንዳለቀ ቀድማ ወጥታ የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ ለመቀበል ይመቻታል። የዚያን ቀን ግን አባ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ እያነከሱ እሷ ያለችበት ድረስ መጡ።

«አንቺ የሁሉንም ቤት ታውቂያለሽ» አሏት።

«እኔ? በዚህ አፌ፣ አባ?»

«አፍሽን አልጠየቅሁሽም። እግርሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ከፊቷ ላይ ብዙ አልቆየም። የፋርማሲው ባለቤት ሚስት እዚያው አጠገብ ቆማ ነበር። የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢ ናት፤ ሹክ ስትልም ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ ነው። ከጎኗ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ «ሬዲዮ ቁርባን ይዛ? በየደጁ ቆማ ስታወራ በሽተኛው ይሞታላ» አለች። ሰዎች ሳቁ። ሬዲዮ እነማን እንደሳቁ ዞራ አላየችም። ደሟ ግን ፈላ፣ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«እሺ አባ» አለች። እሺ ያስባላት እምነቷ ይሁን እልኋ ያን ጊዜ አልለየችውም።

ስልጠናውን የሰጡት አሮጊቷ ሲስተር ናቸው። ቁርባኑ የሚያዝባትን ሙዳይ አሳዩአት፤ ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ክብ ናት፣ በነጭ ከረጢት ሆና አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የበሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ነጩ ጨርቅ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ መዋጥ ያስቸገረው ሰው ውኃ እንዴት እንደሚሰጠው አስተማሯት። «ከመንበሩ ተነስተሽ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው» አሉ። «ሱቅ መግባት የለም፣ ገበያ የለም፣ ሙዳዩን የትም አስቀምጦ መሄድ የለም። መንገድ ላይም ወሬ የለም።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ ዓይናቸው ሳያስቡት እሷ ላይ አረፈ። ሲስተር የተናገሩት ለማንም የሚባለውን ነው፤ ሬዲዮ ግን እንደ መሐላ አድርጋ ያዘችው።

የመጀመሪያው እሁድ ራሷ የሰፋችውን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ፣ ሙዳዩ ካለበት ላይ አደረገች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትልቁን መንገድ ያዘች። አትክልት ሻጯ ከቲማቲሟ ኋላ ሆና «ደህና አረፈድሽ?» አለቻት። መልስ የለም። ዳቦ ቤት በር ላይ የቆሙት ሰላም አሏት። መልስ የለም። «ማን ሞቶባት ነው?» ተባባሉ ከኋላዋ።

ከጥላው ፊት ስትደርስ ጫማ ሰፊው ቀና አለ። «ሬዲዮ፣ ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?»

ከንፈሯን ነክሳ አለፈች።

ሰኞ ጠዋት የመኪናዋን ሽፋን ገና ሳትገልጥ ሁሉንም ነገረችው፤ ሙዳዩን፣ ሲስተርን፣ የፋርማሲዋን ሴትዮ ምላስ ሁሉ።

«እኔንም አታናግሪም?»

«አንተንም። ካንተ ጋር ከጀመርኩ የት ላቆመው ነው?»

«እሺ» አለ። ወስፌውን በጥርሱ ያዘና፣ ቆይቶ ደግሞ፣ «እናያለን» አለ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር እሷን ማሳቅ ሥራው ሆነ። አንድ ጊዜ የተቀደደ ቦቲ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አዎ ጌታዬ፣ አሁን እያለፈች ነው። የለም፣ አትናገርም። በሽታው አይታወቅም» ሲል ቆየ። ሌላ ጊዜ ብሩሹን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመላት። አንድ እሁድ ደግሞ ምላሱ የተሳሰረ ሰካራም ሆነ፤ ቃላቱን እያላመጠ ዕዳዋን እንድትከፍለው ለመናት። ሬዲዮ ሳቋን አፍና ፊቷን አጥቁራ ታልፋለች፤ ማዕዘኑን ስትታጠፍ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿ እስኪያጥር ትስቃለች። ሰኞ በሜትሯ ጀርባውን ትገርፈዋለች። ለሁለቱም ከዚያ የበለጠ ደስታ አልነበራቸውም ብል አልዋሸሁም።

አንድ ነገር ግን አስተውላለች። ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ፣ እሷ ልታልፈው ስትል፣ ኮፍያውን ያወልቃል። ይህ ቀልድ አልነበረም። ቆይቶ ደግሞ እሁድ እሁድ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ መልበስ ጀመረ። ማስቲሽና ቀለም ለሚያቦካ ሰው ነጭ ሸሚዝ ምን ይሠራለታል? «አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ» ትላለች በልቧ። «ራሱ ያነሳልኝ ይሆናል።»

እንዲህ እንዲህ እያለች ስሟ ተለወጠ። የፋርማሲው ባለቤት ሚስት በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት፣ «እኔ ተሳስቼ ነበር» አለች። «አካሄዷን እዩ። አገልግሎት ማለት እንዲህ ነው። አዳዲሶቹን ከእሷ ተማሩ ነው የምለው።» ሰውም አጨበጨበ። ሬዲዮ አንገቷን ደፋች እንጂ ውስጧ ዘለለ። ያቺን «ተሳስቼ ነበር» የምትለዋን ቃል ቤቷ ወስዳ፣ ሽንኩርት ስትልጥም ቁልፍ ስትተክልም እያወጣች ታጣጥማት ጀመር። ያ ሁሉ እሁድ ዝም ያለችው ለማን እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ግማሹ ለእግዚአብሔር ነው፤ ግማሹ ለዚያች ሴትዮ ነው። ከግማሽም ሊበልጥ ይችላል።

ነገሩ የደረሰበት እሁድ ሞቃት ነበር። ሁለት ቤት አዳርሳ የቀሯት ጡረታ የወጡት መምህር ብቻ ናቸው፤ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም፣ ሰዓት ያለፈ እንደሆነም ይቆጣሉ። በመንገዱ ማዶ የፋርማሲው ባለቤት ሚስት ለአገልግሎቱ ያግባባቻትን አንዲት ወጣት ሴት ይዛ በዚያው አቅጣጫ ትሄዳለች። በእጇ ወደ ሬዲዮ ትጠቁማለች። ሬዲዮ ቀና ሳትል አየቻት። ትከሻዋን አስተካከለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አጠበቀች፣ እርምጃዋን አሳመረች።

ጫማ ሰፊው ከበርጩማው ተነስቶ ቆሞ ነበር። በግራ እጁ የእሷን የራሷን ጥቁር ጫማ ይዟል፤ ሶሉን ሊቀይርላት የተቀበላት ነው። አንድ ነገር ተናገረ። ቃሉ ቃል አልነበረም፤ የተላመጠ፣ የተንከባለለ ነገር ነው። «ሬ… ሬዶ… እግ…» አለ። ሰካራሙ ተመልሷል ብላ አሰበች። የዛሬው ደግሞ ከፋ፣ የአፉን አንዱን ወገን ሳይቀር አጣሞታል። ዛሬ፣ እነዚያ እያዩ፣ ልታስቀኝ ነው? አለች በልቧ፤ ተናደደችም።

አለፈችው። ከኋላዋ የእግሩን ኮቴ ሰማች፤ አንዱ እግር ይጎተታል። ከዚያ አንዲት ቃል ጥርት ብላ ወጣች።

«እቴ።»

በቀልድ ጊዜ ሬዲዮ ነው የሚላት። «እቴ» ያላት ሚስቱ የሞተች ቀን ነበር፤ ሌላ ጊዜ ብሏት አያውቅም። ይህን ሰማች። መስማቷን በኋላ ለማንም አልካደችም። እግሯ ግን አልቆመም። ማዕዘኑን ታጠፈችና እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች።

መምህሩ ዘንድ ደረሰች። ነጩን ጨርቅ ነጠፈች፣ ጸሎቱን አነበበች፣ ቁርባኑን አቀበለች። «ዛሬ በሰዓትሽ መጣሽ» አሏት መምህሩ። ቤቷ ሄዳ ምሳዋን በላች፣ ጋደም አለች፣ እንቅልፍም ወሰዳት።

የቀሰቀሳት ባሏ ነው። ጫማ ሰፊውን ሆስፒታል ወስደውታል፣ ስትሮክ ነው ይላሉ አላት። አትክልት ሻጯ ነበረች ያገኘችው። ጭንቅላቱን ሣጥኑ ላይ ደፍቶ ስታየው በሙቀቱ ያሸለበ መስሏት ትታዋለች፤ ጥላው ከላዩ ሸሽቶ ፀሐይ ፊቱን ሲያገኘው ነው ልታስነሳው የሄደችው። «አንቺን ሲጣራ ሰምቼው ነበር» አለቻት በኋላ አትክልት ሻጯ፣ ዓይኗን እየሸሸች። «አፉ ተያይዞበት ነበር። እኔ እኮ እንደ ሁልጊዜው የምትጫወቱ መስሎኝ…» አልጨረሰችውም። ሬዲዮም ጨርሺው አላለቻትም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ የጫማ ሰፊው ልጅ ቆማ ነበር። ዳቦ ቤት የምትሠራ አንድ ልጅ ነች ያለችው፤ ዱቄቱ ክንዷ ላይ ነበር። ይህች ልጅ ያደገችው በሬዲዮ የስፌት መኪና ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ እየተጫወተች ነው፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ «እትዬ» ነው የምትላት፣ ስታኮርፍ ስትስቅም አንቺ እያለች ነው። ሬዲዮ እጇን ዘርግታ ስትጠጋ ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ያኔውኑ ሆስፒታል ቢደርስ ኖሮ ብሏል ሐኪሙ» አለች። «ያኔውኑ። አባቴ ሲጠራዎት አልሰሙም። አሁን ደግሞ መጣራት አይችልም። ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ከወቀሳው ይልቅ «እርስዎ» መባሉ ሬዲዮን አንጀቷን ቆረጠው። የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች።

በማግስቱ ሙዳዩን ይዛ አባ ዘንድ ሄደች። ቢሯቸው ውስጥ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ወሬ የለም አልን እንጂ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ግራ ገብቷቸው፣ «ሰው ሲጠራሽ አትስሚ ያለሽ ማነው?»

ክፋት አስበው አልነበረም። ከአፋቸው እንደወጣ ግን ምን እንዳሉ ገባቸው፤ ፊታቸውን በእጃቸው አሹ።

«ማንም» አለች ሬዲዮ። «ማንም አላለኝም። ሲስተርም አላሉኝም። እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ከማዶ ታየኝ ነበር፣ አባ። እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው። ጌታን ደረቴ ላይ ይዤ የማስበው ስለ እሷ ነበር። እሱን ደግሞ ተናድጄበት ነው ያለፍኩት።»

አባ እግራቸውን ከበርጩማው አወረዱ። የሚያጽናና ነገር ቢናገሩ ደስ ባለን ነበር፤ አልተናገሩም። «እኔም በስብከት ሰው አሳፍሬ ነው አገልጋይ የሰበሰብኩት» አሉ በመጨረሻ። «በእልህ የመጣ ሰው በእልህ ይሄዳል፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ሙዳዩን እመልሳለሁ ካልሽ እቀበልሻለሁ። ያቺ ወጣት ገና ናት፣ ብቻዋን አትወጣም። መምህሩ ግን እሁድ ይጠብቃሉ። ይኸው ነው የማውቀው።»

ከረጢቷ ጠረጴዛው ላይ ቆየች። ሬዲዮ ስትወጣ ይዛት ወጣች። እንዴት እንዳነሳቻት አታስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሰፈሩም አስቸጋሪ ነበር። የስፌት መኪናዋ ይሠራል፣ አፏ ግን ተዘግቷል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው አጥሮለት፣ አንድ ወሬ ሳይሰማ፣ የሆነ ነገር የረሳ እየመሰለው ይሄዳል። ከጎኗ የእሱ ሣጥን እንደተዘጋ ነው። የእሷ ጥቁር ጫማ፣ ሶሉ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ፣ ወስፌው እንደተሰካበት ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሊያነሳው ሲል ትቆጣለች። እሁድ ስታልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ መንገዱ ዝምታዋን ለምዶታል። አትክልት ሻጯ ድምፅዋን ትቀንሳለች፣ ዳቦ ቤት በር ላይ የቆሙት ገለል ይሉላታል፣ የሚስቁት መሳቃቸውን ያቆማሉ። ለአክብሮት ነው። እሷ ግን በሁለት ረድፍ ሰው መሀል ሬሳ ተሸክማ የምታልፍ ይመስላት ጀመር። ሰላም ልትላቸው ትፈልግና ዓይኗን መልሳ መሬት ላይ ትጥላለች። በየትኛው አፏ?

ጫማ ሰፊውን ከሆስፒታል አውጥተው ልጁ የምትኖርባት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አስተኙት። ቀኝ አካሉ አይታዘዝም። አባ እያነከሱ ሄደው ዘይት ቀቡት፣ ኑዛዜውንም እንደሆነለት ተቀበሉት፤ እጃቸውን እየጨበጠ «አዎ»፣ እየለቀቀ «አይደለም» ይላቸው ነበር። ቁርባን ትፈልጋለህ ወይ ሲሉት ግራ እጁን ወደ ራሱ አነሳ፤ ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው ይመስል ነበር አሉ። ለሬዲዮ ይህን ሲነግሯት ውጭ ወጥታ ከግቢው ቧንቧ ሥር ፊቷን ስትታጠብ ብዙ ቆየች።

የእሱ ቤት በእሁዱ መንገዷ ላይ ከመምህሩ በፊት ገባ። መጀመሪያ በሩን ስታንኳኳ ልጅቱ ከፈተች፣ ረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ያለውን ነጭ ከረጢት አየች።

«ለእሱ ነው የምከፍተው» አለች። «ይግቡ።»

ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ዱቄት የነካው የሥራ ልብስ ምስማር ላይ። ጨርቁን ነጠፈች። እሱ አያት። ዓይኑ አልተለወጠም፤ የቀረው ፊቱ ሁሉ ግን ወደ አንድ ወገን ተንሸራቷል። ጸሎቱን አነበበች፣ ቁራሹን አሳንሳ አቀበለችው፣ ውኃ በማንኪያ አስከተለች። ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ይቅርታ ልትለው ብላ ቤቷ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጨርቁን አጥፋ ወጣች። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ቤት ገብታ ቁርባን አቀብላ፣ ሰው ሳትነካ ትወጣለች። አገልግሎቱ ነውር የለበትም፣ አንዲት ሕግ አልተጣሰችም፤ እሷ ግን ሌሊቱን ሁሉ ያቺን «እቴ» ትሰማለች፣ ከዚያ ደግሞ የራሷን ሳቅ።

አንድ እሁድ ጨርቁን አጥፋ፣ ሙዳዩን ከረጢት ውስጥ መልሳ፣ ለመምህሩ የቀረችውን አንዷን ቁራሽ ይዛ ተነሳች። ዘግይታለች፤ ከደብሩ የወጣችው አርፍዳ ነበር፣ መምህሩም እንደሚቆጡ ታውቃለች። በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ይዛለች።

«ሬ… ሬዶ…»

ያው ድምፅ ነው። ያው የተላመጠ፣ የተንከባለለ ነገር፤ በዚያ ሙቀት፣ ከጥላው ሥር የሰማችው። ልጅቱ ሳህኑን እንደያዘች ዞረች። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ድምፅ ማውጣቱ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ከፊቷ ማንበብ ይቻል ነበር።

የሬዲዮ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ። ልማድ ነው። እግሯም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። እንደዚያ ሆና ቆመች።

ከዚያ እጇን አወረደች። ተመልሳ ከአልጋው አጠገብ ያለችውን በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«ምንድነው?» አለችው። «በል ንገረኝ። የትም አልሄድም።»

ተናገረ። ቀስ እያለ፣ ምራቁ በአፉ ጥግ እየወረደ፣ ቃል የሚመስል ግን ቃል ያልሆነ ነገር። ቆም ይላል፣ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ይቀጥላል። በግራ እጁ አየሩን ይወጋል። አንድ ጊዜ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደህና የቀረው የአፉ ወገን ፈገግ ያለ መሰለ። ከሁሉም አንዲት ቃል አልገባትም። «ገባኝ» ብላ አልዋሸችውም፤ በእሱ ቦታ አልጨረሰችለትም፤ የራሷንም አላስገባችም። ምራቁን በመሀረቧ ጠረገችለትና እንደገና ጆሮዋን አስጠጋች። መምህሩ እዚያ ማዶ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ሙዳዩም ደረቷ ላይ እንደሆነች ነው።

ልጅቱ እጇን በሥራ ልብሷ እየጠረገች ቀረበች። ከኋላቸው ቆማ ብዙ ካዳመጠች በኋላ፣

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን እያለ ነው?»

ሬዲዮ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ዝም አሰኘቻት።

«አላወቅኩም» አለች። «ገና አልጨረሰም።»